የሰዓት ሠሪዎቹ ማጠንጠኛ

በ1854 ዓ.ም. ከኦሃዮ ወንዝ ዳር፣ ከዊሊንግ ከተማ ተነሥቶ የአለጌኒን ተራሮች እያቋረጠ ወደ ምሥራቅ የሚወርድ አንድ ባቡር ያልተለመደ ጭነት ይዞ ነበር። ባቡሩ ለእንፋሎቱ በሚጠቀምበት የውኃ ጋን ውስጥ ዙሪያውን የተበሳሳ ባልዲ ተቀምጧል፤ በባልዲውም ውስጥ ሠላሳ ያህል ዓሦች አሉ። ነገሩን ያቀነባበረው ጄኔራል ዊልያም ሽራይቨር የተባለ የዊሊንግ ሰው ነበር። ዓሦቹ ኩምበርላንድ ሲደርሱ በቦይ ውኃ ውስጥ ተለቀቁ። ቦዩ ከፖቶማክ ወንዝ ጋር የተያያዘ ነውና ብዙ ዓመት ሳይቆዩ ወንዙን ተዋለዱበት። (እዚህም ሆነ ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ዛሬ ከቨርጂኒያ ተነሥቶ በድልድይ ወደ ዋሽንግተን የሚሻገር ኢትዮጵያዊ የታክሲ ሾፌር በማለዳ ቁልቁል ቢመለከት፣ በትንንሽ ጀልባዎች ላይ ቆመው ዘንግ የሚወነጭፉ ሰዎች ያያል። የሚፈልጉት ያንኑ በባቡር የመጣውን ዓሣና የቅርብ ዘመዱን ነው። ስሙ ባስ ይባላል። ሁለት ዋና ዋና ዓይነቶች አሉት፤ አንዱ አፈ ሰፊ ነው፣ ሌላው አፈ ጠባብ። በባቡሩ የመጣው አፈ ጠባቡ ነበር። ከቆሮሶና ከአምባዛ ጋር ላደገ ሰው ባስ ለዓይን የሚገርም ዓሣ አይደለም። ጀርባው አረንጓዴ፣ ጎኑ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ኪሎ የማያልፍ አዳኝ ነው። ነገር ግን ይህ ዓሣ በሁለት መቶ ዓመት ውስጥ አንድ ሙሉ ኢንዱስትሪ በጫንቃው ተሸክሟል። ዛሬ ባስ ማጥመድ የሚፈልግ ሰው ወደ አንድ የአሜሪካ መደብር ቢገባ የሚጠብቀው ከጣሪያ እስከ ወለል የተሰቀለ ማባበያና በመስታወት ውስጥ የተደረደረ ማጠንጠኛ ነው። የትኛውን ልግዛ የሚለው ጥያቄ ተራ የገበያ ጥያቄ ይመስላል። ሆኖም እያንዳንዱ ዕቃ እዚያ መደርደሪያ ላይ የወጣበት ምክንያት አለው፤ ምክንያቱም ከውኃው ይልቅ ስለ ሰው የሚናገረው ይበዛል።

ከማጠንጠኛው እንጀምር። ፈረንጆቹ ሪል ይሉታል፤ ክሩ የሚጠመጠምበት፣ እጀታ ያለው፣ ከዘንጉ ላይ የሚታሰር መሣሪያ ነው። ከጥንት ጀምሮ የብዙው ዓሣ አጥማጅ መሣሪያ ረጅም ዘንግና ከጫፉ የታሰረ ክር ነበር። መንጠቆው የሚደርሰው ዘንጉና ክሩ የሚደርሱበት ድረስ ብቻ ነው። በእንግሊዝ አገር ባለ ጥርስ ማጠንጠኛ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ይሸጥ ነበር፤ ይሁን እንጂ በአሜሪካ የባስ አጥማጆችን ታሪክ የቀየረው በኬንታኪ ግዛት፣ ፓሪስ በምትባል ትንሽ ከተማ ይኖር የነበረ ጆርጅ ስናይደር የሚባል ሰው ነው። የዕለት እንጀራው ሰዓት መሥራትና ብር ማቅለጥ ነበር፤ ትርፍ ጊዜውን ዓሣ በማጥመድ ያሳልፍ ነበር። በ1810ዎቹ ገደማ ለራሱና ለጓደኞቹ ከናስ የሠራው ማጠንጠኛ በሰዓት ውስጥ የሚገኙትን ዓይነት ጥርሳም መዘውሮች ነበሩት። እጀታው አንድ ጊዜ ሲዞር ክሩ የተጠመጠመበት ድውር ብዙ ጊዜ ይዞራል። ከዚያ በኋላ የመጡት በፍራንክፈርት ከተማ የሚኖሩት የሚክ ወንድማማቾች፣ እነሱም ሰዓት ሠሪዎች፣ ሥራውን አሻሻሉት። አንድ ዙር አራት ዙር የሚሰጥ የኬንታኪ ማጠንጠኛ የጥራት መለኪያ ሆኖ ዘለቀ።

የሰዓት ሠሪው እጅ እዚህ ቦታ ላይ መግባቱ አጋጣሚ ብቻ አልነበረም። የባስ አጥማጁ ችግር ክር መሰብሰብ ሳይሆን ክር መልቀቅ ነው። ባስ በውኃ ውስጥ በወደቀ ግንድ ሥር፣ በሣር ጥግ፣ በድንጋይ ጥላ ተሸሽጎ የሚያልፈውን የሚጠብቅ ደፈጣ አዳኝ ነው። ወደ እሱ ቀርቦ መቆም አይቻልም፤ ከሩቅ መወርወር ግድ ነው። በዚያን ጊዜ የሚወረወረው ደግሞ ጣት የማታህል በሕይወት ያለች ዓሣ ነበረች። ይህች ቀላል ነገር በአየር ላይ ስትበር ድውሩን ጎትታ እንድታዞረው ከተፈለገ፣ ድውሩ ያለ ምንም ሰበቃ መዞር አለበት። በዚያን ጊዜ ብረትን ያን ያህል አለስልሶ መሥራት የለመደው ሰዓት ሠሪ ነበር።

ነገር ግን ያለ ሰበቃ የሚዞር ነገር የራሱ መዘዝ አለው። የተወረወረው ነገር ፍጥነቱ ሲቀንስ ድውሩ ግን አይቀንስም፤ ክሩ ከሚፈለገው በላይ ይለቀቅና በራሱ ላይ ይተበተባል። አሜሪካኖች ይህን ትብትብ የወፍ ጎጆ ይሉታል። መድኃኒቱ የሰው አውራ ጣት ነበር። አጥማጁ ጣቱን በድውሩ ላይ እንደ ፍሬን አሳርፎ፣ ክሩ ሲፈጥን ለቀቅ፣ ሲዘገይ ጠበቅ ማድረግ ነበረበት። ይህን ለመልመድ ወራት ይፈጃል። ስለዚህ የኬንታኪው ማጠንጠኛ ውድ ብቻ ሳይሆን ጊዜ ላለው ሰው የተሠራ ነበር። ከባለቤቶቹ መካከል ዳኞችና ባለርስቶች መኖራቸው አያስገርምም።

ከዚያ በኋላ የመጣው የማጠንጠኛ ታሪክ በአብዛኛው ያንን አውራ ጣት የማሳረፍ ታሪክ ነው። በሚሽጋን ግዛት፣ ካላማዙ ከተማ፣ ዊልያም ሼክስፒር የሚባል ሰው በ1890ዎቹ ክሩን ከግራ ወደ ቀኝ እያመላለሰ በእኩል የሚያጠነጥን መሣሪያ ሠራ። ስሙ ሐምሌትንና ኦቴሎን በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም ያነበበ ሰው ፈገግ የሚያሰኝ ቢሆንም፣ ይህኛው ሼክስፒር የሚታወቀው በስሙ በሚጠራው የማጥመጃ ኩባንያ ነው። ሁለተኛው ትልቅ ለውጥ ግን የመጣው ከሌላ ሰዓት ሠሪ ነው። አር ዲ ሃል የተባለው የቴክሳስ ሰው በክር ትብትብ ተማሮ ሳለ፣ አንድ የግሮሰሪ ሠራተኛ ዕቃ ለመጠቅለል ከማይዞር ትልቅ ጥቅል ላይ ሲባጎ በጫፉ በኩል እየሳበ ሲያወጣ ተመለከተ ይባላል። ድውሩ ካልዞረ ትብትብ ከየት ይመጣል? ሃል ሐሳቡን ይዞ ወደ ተልሳ፣ ኦክላሆማ ሄደ፤ ለነዳጅ ጉድጓድ ቁፋሮ የሚያገለግሉ ፈንጂዎች ወደሚሠራ ዜሮ አወር ቦምብ ወደሚባል ኩባንያ። ኩባንያው በ1949 ማጠንጠኛውን ለገበያ አወጣ፤ በኋላም የቦምብ ስሙን አሳጥሮ ዜብኮ ተባለ። ክዳን ያለው፣ በአንድ ቁልፍ የሚሠራ፣ ሕፃን ልጅ በአንድ ከሰዓት የሚለምደው መሣሪያ ነው። በሁለት ሰዓት ሠሪዎች መካከል ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ፤ የመጀመሪያው የፈጠረውን ችሎታ የሚጠይቅ መሣሪያ፣ ሁለተኛው ችሎታ ለሌለው ሰው ከፈተው።

የማባበያው ታሪክ ደግሞ በአፈ ታሪክ የታጀበ ነው። በቨርሞንት ግዛት ጁልዮ ብዌል የተባለ ወጣት በሐይቅ ላይ ምሳውን ሲበላ ማንኪያው ከእጁ አምልጦ ሰጠመ፤ እያብለጨለጨ ሲወርድ አንድ ትልቅ ዓሣ ዘሎ ያዘው ይባላል። እውነት ይሁን ተረት፣ ብዌል የማንኪያ እጀታ ቆርጦ መንጠቆ አበጀበት፤ በ1852ም የባለቤትነት መብት አገኘበት። በሚሽጋን፣ ዶዋጂያክ ከተማ ደግሞ ጄምስ ሄደን የሚባል ንብ አናቢ ነበር። ወፍጮ ኩሬ ዳር ቁጭ ብሎ ሲጠርበው የነበረውን እንጨት ወደ ውኃው ቢጥለው ባስ መጥቶ መታው ተብሎ ይተረካል። ሄደን ከእንጨት እንቁራሪት መቅረጽ ጀመረ፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ላይም ከልጁ ጋር ፋብሪካ ከፈተ። የመስታወት ዓይን የተገጠመላቸውና በተደራራቢ ቀለም ያጌጡ እነዚያ የእንጨት ዓሦች ዛሬ የሰብሳቢዎች ሀብት ናቸው።

በፊንላንድ የነበረው ላውሪ ራፓላ ግን ለጌጥ ጊዜ አልነበረውም። የሚተዳደረው በፓይየነ ሐይቅ ዓሣ እያሰገረ ነው። በጀልባው ላይ ሆኖ ሲመለከት አዳኝ ዓሣ ከመንጋው መካከል የሚመርጠው አንድ ነገር መሆኑን አስተዋለ፦ ቆስሎ ወይም ታሞ ሚዛኑን ስቶ የሚዋኘውን። በ1936 ከቡሽ ቅርፊት ቀርጾ፣ በቸኮላት መጠቅለያ ሸፍኖ፣ የፎቶግራፍ ፊልም አቅልጦ በላዩ ቀብቶ የታመመ ዓሣ አካሄድ የሚሄድ ማባበያ ሠራ። በ1962 ላይፍ የተባለው መጽሔት ስለዚህ ማባበያ ጽሑፍ ባወጣበት እትም የፊት ገጹ ላይ በዚያው ወር የሞተችው ማሪሊን ሞንሮ ነበረች። እትሙ እንደ ጉድ ተሸጠ፤ ራፓላም ከአሜሪካ የሚመጣለትን ትእዛዝ መቋቋም አቃተው። በኦሃዮ፣ አክሮን ከተማ ደግሞ ኒክ ክሪም የተባለ የማሽን ባለሙያ በ1949 በቤቱ ምድጃ ላይ ፕላስቲክ አፍልቶ ለስላሳ የምድር ትል ቀረጸ። በጊዜው ቀልድ ይመስል የነበረው የፕላስቲክ ትል፣ ዛሬ ከባስ አጥማጅ ሣጥን የማይጠፋው ማባበያ ነው።

እነዚህን አራት ሰዎች አንድ የሚያደርጋቸው ዓሣውን መመልከታቸው ነው። ባስ እጅ የለውም፤ ያልገባውን ነገር የሚመረምረው በአፉ ነው። አንዳንዴ ርቦት ይነክሳል፣ አንዳንዴ ጎጆውን ሲጠብቅ ተቆጥቶ፣ አንዳንዴም ነገሩ በድንገት ፊቱ ስላለፈ ብቻ። ምርጫው ከዚህ ይነሣል። ውኃው ቀዝቃዛ ከሆነ የዓሣውም ሰውነት ይቀዘቅዛልና በዝግታ የሚሄድ፣ መሬት የሚነካ ማባበያ ይሻላል። በበጋ ማለዳ ግን የውኃውን ገጽ እየረጨ የሚሄድ እንቁራሪት ከሥር ያስወጣዋል። በጠራ ውኃ ዓሣው በዓይኑ ስለሚያድን ቀለሙ የተፈጥሮ ዓሣን ቢመስል መልካም ነው፤ በደፈረሰ ውኃ ደግሞ ንዝረት ያለው፣ ወይ በጣም የጠቆረ ወይ በጣም የደመቀ ይመረጣል። ከአገጩ ሥር ምላስ የመሰለ ጠፍጣፋ ነገር ያለው ማባበያ ሲጎተት ይጠልቃል፤ ምላሱ በረዘመ ቁጥር ጥልቀቱ ይጨምራል። ሣርና ግንድ በበዛበት ቦታ የመንጠቆውን ጫፍ በፕላስቲክ ትሉ ሥጋ ውስጥ ደብቆ መወርወር ነው፤ ዓሣው ሲነክስ ብቻ ጫፉ ይወጣል። ማጠንጠኛውም እንደዚሁ ነው። አንድ ዙር አምስት ዙር የሚሰጠው ዝግተኛ ማጠንጠኛ ጠልቆ ለሚጎተት ከባድ ማባበያ ጉልበት ይቆጥባል፤ ሰባት የሚሰጠው ፈጣኑ ደግሞ ዓሣው ነክሶ ወደ አጥማጁ ሲሮጥ የላላውን ክር ቶሎ ይሰበስባል። ከዚህ ያለፈው አብዛኛው የሱቅ ወሬ ነው።

ለዚህ ከጆርጅ ፔሪ የተሻለ ምስክር የለም። ፔሪ ገና በሃያዎቹ መግቢያ ላይ የሚገኝ የጆርጂያ ገበሬ ነበር። ሰኔ 2 ቀን 1932፣ አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ ሳለች፣ ዝናቡ መሬቱን ስላጨቀየው ለእርሻ የማይመች ቀን ነበር። ከአንድ ጓደኛው ጋር ሞንትጎመሪ ወደሚባለው ሐይቅ ሄደ። ለሁለት አንድ ዘንግ፣ አንድ ማጠንጠኛ፣ አንድ የእንጨት ማባበያ ነበራቸው፤ ተራ በተራ ይወረውሩ ነበር። በፔሪ ተራ መንጠቆው ግንድ የያዘ መሰለው፤ ከዚያ ግንዱ ተንቀሳቀሰ። ሔለና በምትባል የገጠር ከተማ ሲመዘን 22 ፓውንድ ከ4 አውንስ ሆነ፤ ከአሥር ኪሎ በላይ። እስከዚያ ቀን ድረስ በዓለም ላይ ተመዝኖ የማያውቅ ትልቅ አፈ ሰፊ ባስ ነበር። ፔሪ የአንድ መጽሔት ውድድር አሸንፎ 75 ዶላር የሚያወጣ የማጥመጃ ዕቃ ተሸለመ። ዓሣው ራሱ ግን ወደ ቤት ሄዶ ተበላ። የሚመገብ ቤተሰብ ነበረበት።

የሚመርጠው ያልነበረው ሰው የያዘውን ክብረ ወሰን፣ ሺህ ምርጫ ያላቸው ሰዎች ለ77 ዓመታት ሊደርሱበት ሞከሩ። በዚያ መካከል ግን ዓሣ ማጥመዱ ራሱ ተለወጠ። ከ1930ዎቹ ጀምሮ በደቡባዊ አሜሪካ ወንዞች በግድብ እየታገቱ ጫካውን የዋጡ ሰው ሠራሽ ሐይቆች ተፈጠሩ፤ ለደፈጣ አዳኙ ባስ ከዚህ የተሻለ ቤት አልነበረም። በ1967 ሬይ ስኮት የተባለ የአላባማ የኢንሹራንስ ሻጭ በአርካንሳስ፣ ቢቨር ሐይቅ ላይ 106 ሰዎች የተካፈሉበት ውድድር አዘጋጀ፤ በቀጣዩ ዓመትም የባስ አጥማጆች ማኅበር መሠረተ። በ1971 በተካሄደው የመጀመሪያው ታላቅ ውድድር ተወዳዳሪዎቹ አውሮፕላን ላይ ወጥተው እስኪበሩ ድረስ ወደየት ሐይቅ እንደሚሄዱ አልተነገራቸውም ነበር፤ እያንዳንዳቸው የሚይዙት ማጥመጃም ከአሥር ፓውንድ እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር። ስኮት ከሣጥኑ ይልቅ ሰውየውን ሊመዝን ፈልጎ ነበር ማለት ነው። በ1972 ደግሞ የተያዘው ዓሣ ሳይገደል ተመዝኖ ወደ ውኃው ይመለስ የሚል ደንብ አወጣ። ይህ ደንብ ከውድድሩ አልፎ የባስ አጥማጅ ሁሉ የሥነ ምግባር ሕግ ሆነ። ዓሣውን ይዞ መልቀቅ ጨዋነት፣ ይዞ መብላት ነውር ሆነ። ፔሪ ያንን ዓሣ ዛሬ ቢበላው ኖሮ ብዙ ወቀሳ ይደርስበት ነበር።

ክብረ ወሰኑ የተነካው ግን በአሜሪካ አልነበረም። ሐምሌ 2 ቀን 2009 ማናቡ ኩሪታ የተባለ ጃፓናዊ በአገሩ ትልቁ ሐይቅ በቢዋ ላይ 22 ፓውንድ ከ4.97 አውንስ የሚመዝን ባስ ያዘ። ልዩነቱ ከአንድ አውንስ በታች ስለሆነና ደንቡ ቢያንስ የሁለት አውንስ ብልጫ ስለሚጠይቅ ሁለቱ ሰዎች እኩል ተባሉ። ኩሪታ የተጠቀመበት ማባበያ ከመደብር የተገዛ አልነበረም፤ ብሉጊል የምትባል በሕይወት ያለች ትንሽ ዓሣ ነበረች።

እዚህ ላይ ታሪኩ ወደዚያ ባቡር ይመለሳል። ቢዋ ውስጥ ባስ ምን ይሠራል? በ1925 አካቦሺ ቴትሱማ የተባለ ባለሀብት ከአሜሪካ አስመጥቶ በአሺ ሐይቅ ከለቀቀው በኋላ ከሐይቅ ወደ ሐይቅ በሰው እጅ ተሰራጨ። ብሉጊልም አሜሪካዊት ናት፤ በ1960 ያኔ አልጋ ወራሽ የነበሩት አኪሂቶ ከቺካጎ ከንቲባ በስጦታ ተቀብለዋት ለምርምር ያመጧት ዓሣ ነች። አኪሂቶ ንጉሠ ነገሥት ከሆኑ በኋላ፣ በ2007፣ በነገሩ ማዘናቸውን በአደባባይ ተናግረዋል። ሁለቱ እንግዶች የቢዋን ነባር ዓሦችና እነሱን አስግሮ የሚኖረውን ሰው ጎድተዋልና። ስለዚህም ቢዋ የሚገኝበት የሺጋ ክፍለ ግዛት ከ2003 ጀምሮ የተያዘ ባስ ወደ ሐይቁ መመለስን ከለከለ። በአሜሪካ ጨዋነት የሆነው ተግባር በቢዋ ዳር ጥፋት ነው፤ ዘንጉም፣ ማጠንጠኛውም፣ ዓሣውም አንድ ሆነው ሳለ።

ለአገራችን ቅርብ የሆነ ምሳሌም አለ። በ1929 በኬንያ ናይቫሻ ሐይቅ ውስጥ አፈ ሰፊ ባስ ለእንግሊዛውያን ሰፋሪዎች መዝናኛ ተለቀቀ። ሐይቁ የራሱ የሆነች አንዲት ትንሽ ዓሣ ብቻ ነበረችው፤ ከ1962 በኋላ ያያት ሰው የለም። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይላል ያገራችን ተረት። ተረቱ በደፈረሰ ውኃ ውስጥ እጁን ለሚሰድ ሰው የተነገረ ቢሆንም፣ ባልዲ ተሸክሞ ወደ ማያውቀው ውኃ ለሚሄድም ይሠራል። እምቦጭ ጣናን ሲሸፍን የተመለከተ ኢትዮጵያዊ ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ፖቶማክ ግን ነገሩን ያወሳስበዋል። በዚያ ወንዝ ላይ ባስ ከመቶ ሰባ ዓመት በላይ ኖሯል፤ የልጅ ልጆቹ ልጆች እዚያው ተወልደዋል፤ ሕግ ይጠብቀዋል፤ እንግዳ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። በ2004 ግን ሌላ እንግዳ በወንዙ ውስጥ ተገኘ። ከምሥራቅ እስያ የመጣ፣ ራሱ እባብ የሚመስል፣ አየር እየሳበ ከውኃ ውጭ ለጊዜው መቆየት የሚችል አዳኝ ዓሣ ነው። ከሁሉ ቀድመው ከደነገጡት መካከል የባስ አጥማጆች ነበሩ፤ መጤው የወንዛችንን ዓሣ ሊጨርስብን ነው አሉ። የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ባለሥልጣናት ይህን ዓሣ የያዘ ሁሉ እንዲገድለው ይመክራሉ፤ ሥጋውም ጣፋጭ ነው ይባላል።

ሁለቱ ዓሦች በበጋ ማለዳ የሚያድኑት አንድ ቦታ ነው፣ ሣር በበዛበት ጥልቀት የሌለው ውኃ ውስጥ። የሚያታልላቸውም ማባበያ አንድ ነው፤ ሄደን ከእንጨት የቀረጻትን የምትመስል፣ አሁን ግን ከለስላሳ ፕላስቲክ የተሠራች ውስጧ ባዶ የሆነች እንቁራሪት። አጥማጁ ወርውሮ፣ በማጠንጠኛው እየሳበ ሣሩ ላይ ያስኬዳታል። ውኃው ድንገት ይፈነዳል፤ ዘንጉ ይጎብጣል። ዓሣው ወደ ጀልባው እስኪቀርብ ድረስ የትኛው እንደያዘለት አያውቅም። ሲቀርብ ያየዋል፤ አንዱን ቀስ ብሎ ከመንጠቆው አላቆ ወደ ውኃው ይመልሰዋል፣ ለሌላው ደግሞ ከጀልባው ወለል ላይ ዱላውን ያነሣል።